የሲሚንቶ ወለል አጨራረስ፦ ስለ ሊሾ፣ ቴራዞና የግቢ አርማታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት የሚሠሩና የሚያድሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ጀምሮ እስከ አስቸጋሪው።

ስክሪድ፣ ሊሾና ቴራዞ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ስክሪድ በአርማታው ላይ ወለሉን ውሃ ልክ ለማምጣት የሚነጠፍ የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ነው። ሴራሚክ ወይም ሌላ ነገር ይለብሳል ተብሎ ስለሚታሰብ ሸካራ ሆኖ ይተዋል። ሊሾ ደግሞ ያው ስክሪድ ሆኖ ገና ሳይጠነክር ላዩ በሲሚንቶ ሊጥ ተለብጦ በብረት ማለስለሻ የተጠረገ ነው። ቃሉ የጣሊያንኛ ነው፤ «ለስላሳ» ማለት ነው።

ቴራዞ የእብነ በረድ ጠጠር ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ ከተነጠፈና ከጠነከረ በኋላ በማሽን ተፈጭቶ ጠጠሩ እንዲታይ የሚደረግ ነው። ቴራዞ ላይ የሚረገጠው ድንጋዩ ነው። ሊሾ ላይ የሚረገጠው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር የማትበልጥ የሲሚንቶ ቆዳ ናት። የዋጋቸውም የዕድሜያቸውም ልዩነት ከዚህ ይመነጫል።

ለየትኛው ክፍል የትኛው ይሻላል?

መልክን ለጊዜው ይተዉትና እግር፣ ውሃና ፀሐይ የሚበዛበትን ይዩ። ለመኝታ ቤትና ለዕቃ ቤት በደንብ የተሠራ ሊሾ ይበቃል። እንግዳ የሚበዛበት ሳሎን፣ ኮሪደርና ደረጃ ላይ ገንዘብ ካለ ቴራዞ ይግባ፤ ሲያረጅ እንደገና ተፈጭቶ አዲስ ይሆናል። ሊሾ ግን ቆዳው ካለቀ አለቀ። ሻወርና መጸዳጃ ቤት ለስላሳ ሊሾ በፍጹም አይሠራባቸው፤ እርጥብ ሲሆን ሰው ይጥላል፣ በተለይ አረጋውያንንና ሕፃናትን። በረንዳና ግቢ መጥረጊያ የተጎተተበት ሸካራ አርማታ ይፈልጋሉ።

ውፍረቱ ስንት ይሁን? ስንት ከረጢት ሲሚንቶ ይፈጃል?

ከሥሩ ካለው አርማታ ጋር በደንብ የተያያዘ ስክሪድ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ይበቃዋል። ከአርማታው በላስቲክ ተለይቶ የሚነጠፍ ከሆነ ከ5 ሴንቲሜትር ማነስ የለበትም። ቀጭን ሆኖ ያልተያያዘ ስክሪድ የወንበር እግር ሲያርፍበት ይሰበራል።

መጠኑ በይዘት አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። በዚህ መጠን 4 ሴንቲሜትር ለሚወፍር አንድ ካሬ ከ18 እስከ 20 ኪሎ ሲሚንቶ ይገባል፤ ማለትም ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሁለት ካሬ ተኩል ያህል ይሸፍናል። ለ20 ካሬ ሳሎን 8 ከረጢትና ከ0.9 ሜትር ኩብ ያላነሰ አሸዋ ይዘጋጅ። ሲሚንቶ ሲበዛ ወለሉ ይጠነክራል ብለው አንድ ለአንድ የሚያስቦኩ አሉ። እንዲህ ያለው ድብልቅ ሲደርቅ ከመጠን በላይ ስለሚኮማተር ፈጥኖ ይሰነጠቃል።

ኦፒሲ ወይስ ፒፒሲ?

ኦፒሲ ተራው የፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው፤ ፒፒሲ ደግሞ ፖዞላና የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት የተጨመረበት ነው። ለወለል ሁለቱም ይሠራሉ። ፒፒሲ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ለማለስለስ ጊዜ ይሰጣል፣ ግን ውሃ የሚጠጣበት ቀን ይረዝማል። ኦፒሲ ቶሎ ስለሚይዝ ለግቢ አርማታና ቶሎ ለሚፈጭ ቴራዞ ይመረጣል። ዋናው ጥንቃቄ ሁለቱን በአንድ ክፍል ውስጥ አለማቀላቀል ነው፤ ቀለማቸውም የሚይዙበት ሰዓትም ስለሚለያይ ወለሉ ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ከረጢቱ ውስጥ በእጅ ሲጨበጥ የማይፈርስ እብጠት ያለበት ሲሚንቶ እርጥበት መትቶታል፤ ለሊሾ አይሁን።

አሸዋው ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጎኑ ቀጥ ያለ የውሃ ሃይላንድ ይያዙ። እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ከዚያ እስከ ሦስት አራተኛው ውሃና ቁንጥር ጨው ይጨምሩ፤ በደንብ ነቅንቀው ለሦስት ሰዓት ያስቀምጡ። አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከላይ ተለይቶ ይተኛል። አሸዋው 10 ሴንቲሜትር ከቆመ ላዩ ያለው ደለል 6 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ነው ወሰኑ። የኢትዮጵያ ደረጃ ደለሉ ከ6 በመቶ የሚበልጥ አሸዋ ታጥቦ ወይም ተቀይሮ እንዲሠራበት ይላል። ደለል የአሸዋውን ፍሬ ስለሚሸፍነው ሲሚንቶው አይጨብጠውም፣ ውሃም ያበዛል። ለሊሾ ከሚፈጠሩ ችግሮች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከመኪናው ላይ ሲራገፍ ማንም ካላየው አሸዋ ነው።

ሊሾ በትክክል እንዴት ይሠራል?

ከሥር ያለው አርማታ በመዶሻና በሽቦ ብሩሽ ተቧጥጦ አቧራው ይታጠባል፣ ከዋዜማው ጀምሮ ይረጥባል። በሥራው ጠዋት እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥርበት። ሲሚንቶ በውሃ እንደ አጥሚት ተበጥብጦ በመጥረጊያ ይቀባል፤ ይህ ሳይደርቅ ወዲያው ድብልቁ ይነጠፋል። ክፍሉን ሁሉ ቀብቶ ቁርስ መሄድ ማለት ማያያዣውን ወደ መለያያ መቀየር ነው፤ የደረቀ የሲሚንቶ ቅብ ድብልቁን አይዝም። ድብልቁ በእጅ ሲጨበጥ እንደ ኳስ ሊቆም ይገባል፤ ውሃ ግን ሊያንጠባጥብ አይገባም። ከዚያ በረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ተስቦ በእንጨት ማለስለሻ ይታሻል።

አሁን መጠበቅ ነው። እንደ አየሩ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ በክረምት ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። አውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ምልክት ብቻ ሲተው፣ ላዩም ውሃ አልባ ሲሆን ሊጡ ይቀባል፤ ለአንድ ካሬ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ሲሚንቶ በጥቂት ውሃ የተቦካ። የብረት ማለስለሻው መጀመሪያ ጠፍጠፍ ብሎ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ላይ ጠርዙ ቀና ብሎ በኃይል ይሄዳል። ጆሮዎ ይነግርዎታል፦ መጀመሪያ ላይ ድምፁ እንደ ጭቃ ነው፤ ሲደርስ ብረቱ ይጮኻል።

ወለሉን ከሚያበላሹት ሁለት ልማዶች አንዱ ገና ውሃ በቋጠረ ወለል ላይ ደረቅ ሲሚንቶ መንፋት ነው። ውሃውን የሚመጥ ይመስላል፤ የሚፈጠረው ግን በደካማ ውሃማ ንብርብር ላይ የተቀመጠ ቅርፊት ነው፣ በወራት ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ሁለተኛው ማለስለሻው አልንሸራተት ሲል በብሩሽ ውሃ መርጨት ነው። እሱም የላይኛውን ቆዳ ያቀጥናል።

ስንት ቀን ውሃ ይጠጣ?

በኦፒሲ ቢያንስ 7 ቀን፣ በፒፒሲ ከ10 እስከ 14 ቀን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ነፋስና የቀን ፀሐይ የአዲስ ወለልን ውሃ በሰዓታት ውስጥ ይመጥጣል። በቀን ሁለት ጊዜ በባልዲ መርጨት ውሃ ማጠጣት አይባልም። ረጥቦ ደርቆ፣ ረጥቦ ደርቆ የሚቆይ ወለል ላዩ እንደ ሸረሪት ድር በቀጫጭን ስንጥቆች ይሞላል። በእርጥብ ጆንያ ወይም በእርጥብ አሸዋ ሸፍኖ ሁልጊዜ እርጥብ ማድረግ ነው የሚበጀው።

ላስቲክም ይሆናል፤ ሆኖም የተጨማደደበት ቦታ ሁሉ ጥላ የመሰለ ምልክት ስለሚተው ለቀለም ሊሾ አይመከርም። በማግስቱ በቀላል እግር መርገጥ ይቻላል፣ ከባድ ዕቃ ግን ቢያንስ ከ10 ቀን በኋላ ይግባ። በእነዚህ ቀናት በርና መስኮት ገና ካልተገጠመ ክፍቱን በጆንያ ይዝጉት።

ሊሾ ላይ ቀለም መጨመር ይቻላል?

ይቻላል፤ ለሲሚንቶ የሚሆነው የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቡናማና ጥቁር በቀላሉ ይያዛሉ። መጠኑ ከሲሚንቶው ክብደት 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ለአንድ ከረጢት 2.5 ኪሎ። ከ10 በመቶ ማለፍ የለበትም፣ ቀለሙ ሳይደምቅ ወለሉ ይደክማል። ዱቄቱ መጀመሪያ ከደረቅ ሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ በወንፊት ይነፋል፣ በኋላ ነው ውሃ የሚያየው። በሚዛን ይለካ፤ «አንድ ጣሳ፣ አንድ ጣሳ» እየተባለ የተሠራ ወለል በመብራት ሲታይ በየድብልቁ ድንበር አለው።

ቀለሙን በላይኛዋ ሊጥ ውስጥ ብቻ መጨመር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ በር ላይና ምድጃ ፊት ግራጫው ብቅ ይላል። የተሻለው አንድ ሴንቲሜትር የሚወፍር ባለቀለም ንብርብር ነው፦ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሁለት እጅ ደቃቅ አሸዋ፣ ለ20 ካሬ ሁለት ከረጢት ተኩል ሲሚንቶና 6 ኪሎ ያህል ቀለም።

ወለሉ ሲጠረግ ሁልጊዜ አቧራ ይሆናል። ለምን?

ላዩ ደካማ ስለሆነ ነው። በምስማር ሲፋቅ ዱቄት የሚወጣ ከሆነ ወይ ውሃ በዝቶበት ነበር፣ ወይ ውሃ አልጠጣም፣ ወይ አሸዋው ደለላም ነበር። ብዙዎች የማያስቡት አራተኛ ምክንያት ከሰል ነው። ወለሉ በተሠራበት ማታ ዘበኛው ወይም ሠራተኛው ብርድ ሸሽቶ በዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል ካቀጣጠለ፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአዲሱ የሲሚንቶ ገጽ ጋር ተዋህዶ ያልጠነከረውን ቆዳ ዱቄት ያደርገዋል። በዝግ ክፍል የሚነድ ከሰል ሰውንም ይገድላልና ለዘበኛው ብርድ ልብስና ሌላ ማደሪያ ይዘጋጅለት።

መጠነኛ ከሆነ በውሃ የተበረዘ ሶዲየም ሲሊኬት በየቀኑ አንድ ዙር፣ እስከ ሦስት ዙር ይቀባል፤ ወለሉ ውስጥ ገብቶ ያጠነክረዋል። ዱቄቱ ጥልቅ ከሆነ ግን ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ቀለሙ ከነዱቄቱ ይነሳል። ደካማው እስኪያልቅ በማሽን ተፈጭቶ እንደገና መለበጥ አለበት።

ለምን ተሰነጠቀ? አደገኛውን ስንጥቅ እንዴት ልለየው?

እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቀጭን ስንጥቅ የላይኛው ቆዳ መኮማተር ነው፤ መልክ ያበላሻል እንጂ አይጎዳም። ከበር ጥግ ተነስቶ ወደ መሃል የሚሄድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ደግሞ መቁረጫ መስመር ባለመኖሩ ወለሉ ለራሱ ያበጀው መስመር ነው። በየበሩ ሥርና ትልልቅ ክፍሎች መሃል አስቀድሞ መስመር ቢያዝ ስንጥቁ እዚያ ተደብቆ ይቀር ነበር።

የሚያሰጋው አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ያለበት፣ በክረምት ጠቦ በበጋ የሚሰፋ ስንጥቅ ነው። ቦሌና አቃቂን በመሳሰሉ ጥቁር አፈር ባላቸው ሰፈሮች ይህ የተለመደ ነው፤ መረሬው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ወለሉንም ይዞ ይወጣል ይወርዳል። ለማረጋገጥ ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመርና ቀን ይጻፉ፣ በስፋቱ ላይ ጂፕሰም ይለጥፉበት። ጂፕሰሙ ከተሰበረ ስንጥቁ ሕያው ነው፤ በሲሚንቶ ቢደፈንም ይከፈታል። መፍትሔው ከሥር ነው፦ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በተመረጠ አፈር ተክቶ በየንብርብሩ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ 25 ሴንቲሜትር የጥቁር ድንጋይ ሃርድኮር፣ በላዩ 0.2 ሚሊሜትር ላስቲክና 10 ሴንቲሜትር አርማታ። የጣሪያ ውሃ ከቤቱ ሥር እንዳይሰርግ በቦይ ማራቅም የግድ ነው።

በረንዳና ግቢ እንዳያንሸራትት ምን ላድርግ?

በእንጨት ከታሸ በኋላ የአርማታው ውሃ ሲጠፋ ጠንካራ የግቢ መጥረጊያ በአንድ አቅጣጫ፣ ሳይደጋገም ይጎተታል። መጥረጊያው በየጉተታው ታጥቦ ይራገፍ። ጭረቱ ለመኪና መውጫ ከመንገዱ ጋር ተሻጋሪ ይሁን፤ በረንዳ ላይ ደግሞ ውሃው ወደሚወርድበት ይሁን። ተዳፋቱ ለአንድ ሜትር ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ነው፤ ይህ ከሌለ በሐምሌና ነሐሴ ውሃ ይቋጥራል፣ አረንጓዴው አልጌ ይወርሰዋል፣ ጭረቱም አያድንም።

ለመኪና 10 ሴንቲሜትር ዝቅተኛው ነው፣ 12 ይሻላል። ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፤ ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ገደማ ይገባል። ውሃው ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር አይለፍ፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይቀነስ። በየሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሜትሩ በ24 ሰዓት ውስጥ የውፍረቱን አንድ አራተኛ ያህል ይቆረጥ።

ቴራዞ በቦታው ይሠራ ወይስ ጡቡ ይነጠፍ?

ጡቡ ፈጣን ነው፤ አንዱ ቢሰበር ይቀየራል፣ ባለሙያውም በቀላሉ ይገኛል። በቦታው የሚሠራው መጋጠሚያ የለውም፣ ቀለሙንና ጠጠሩን እርስዎ ይመርጣሉ፤ የዳለቲ እብነ በረድ ጠጠር በነጭ ሲሚንቶ ሲሠራ በጣም ያምራል። ግን ፎርማኑ ከዚህ በፊት የሠራውን ወለል ሄደው ሳያዩ አይዋዋሉ። ጠጠሩ ተራርቆ ግራጫው የበዛበት ከሆነ ጠጠር ቆጥቧል ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከ3 ሴንቲሜትር ያላነሰ ስክሪድ፣ በየአንድ ሜትሩ የነሐስ ወይም የመስታወት መለያያ፣ በላዩ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል የቴራዞ ድብልቅ፤ በክብደት አንድ ሲሚንቶ ለሁለት ጠጠር። ከ5 እስከ 7 ቀን እርጥብ ሆኖ ቆይቶ በሻካራ ድንጋይ ይፈጫል፣ የታዩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በዚያው ቀለም ሊጥ ይደፈናሉ፣ ከሦስት ቀን በኋላ በመካከለኛና በደቃቅ ድንጋይ ይጨረሳል። ይህ መድፈን ሲዘለል ቀዳዳዎቹ ቆሻሻ ይይዙና ወለሉ ነቁጥ ያወጣል። የፍጩን ዝቃጭ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ እንዳይደፉት ሠራተኞቹን አጥብቀው ያስጠንቅቁ፤ ቧንቧው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

ቡና፣ ዘይትና ሎሚ ምን ያደርጉታል?

ዘይትና በርበሬ ይሰርጋሉ፣ ሎሚ፣ አቼቶና ጠላ ግን ሲሚንቶውንም እብነ በረዱንም ይበላሉ፤ የጠፋ አንጸባራቂነት በመጥረግ አይመለስም። የውሃ ጠብታ ወለሉ ላይ ያድርጉ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠቁሮ ከመጠጠው ማሸጊያ ያስፈልገዋል። ሰርጎ የሚገባ ማሸጊያ ለሊሾም ለቴራዞም ይሆናል፣ በየጥቂት ዓመቱ ይደገማል። ለኩሽና ጠረጴዛ ግን ሲሚንቶን አልመክርም፤ በየቀኑ ሎሚና ቲማቲም የሚቆረጥበት ቦታ ነውና ግራናይት ይግዙ።

ቡና በሚፈላበት ቦታ ላይ ሌላም ነገር አለ። እርጥብ ቄጠማ ሰም በተቀባ ሊሾ ላይ ሲያድር አረንጓዴ ጥላ ይተዋል፤ ሥነ ሥርዓቱ እንዳለቀ ይነሳ። ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር የወለል ቅብ) በተቀባ ወለል ላይ ከምድጃ የወደቀ ፍም ቀለሙን አቃጥሎ ይቀራል፣ ስለዚህ ከምድጃው ሥር ሰፋ ያለ ቆርቆሮ ይነጠፍ።

ኮንዶሚኒየም ስረከብ ያለው ስክሪድ ላይ ኢፖክሲ ወይም ፒቪሲ (የፕላስቲክ ንጣፍ) ወዲያው ማድረግ እችላለሁ?

መጀመሪያ እርጥበቱን ይፈትሹ። 45 በ45 ሴንቲሜትር ጥርት ያለ ላስቲክ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር አሽገው ለአንድ ቀን ይተዉት። ከሥሩ ጠብታ ከታየ ወይም ወለሉ ከጠቆረ አልደረቀም። አዲስ ስክሪድ በአንድ ቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ይደርቃል፤ 4 ሴንቲሜትሩ 40 ቀን ይፈልጋል ማለት ነው፣ በክረምት ደግሞ ይዘገያል። ቸኩሎ የተለበሰ ፒቪሲ ከጠርዙ ይነሳል፣ ኢፖክሲ እንደ እንቁላል ያብጣል። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ኢፖክሲ ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ ለበረንዳ አይሁን።

በጭቃ ቤት ላይ የሲሚንቶ ልስን ይይዛል?

በቀጥታ ከተለሰነ አይቆይም። ጭቃው ከአየሩ ጋር ያብጣል ይኮማተራል፣ ሲሚንቶው ደረቅና ግትር ነው፤ ስለዚህ በመካከላቸው ይለያያሉና ልስኑ በትልልቅ ቅርፊት ይወርዳል። ቢያንስ ልል የሆነው ጭቃ ተፍቆ በግድግዳው እንጨት ላይ በምስማር የተወጠረ የሽቦ ወንፊት ያስፈልገዋል፣ ድብልቁም ደካማ ይሁን፦ አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራ፣ ስድስት አሸዋ። ከታች ከመሬት የሚወጣው እርጥበት መውጫ ካጣ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ስለዚህ የግድግዳው እግር ላይ ከድንጋይ የተሠራ ከፍታ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይለስኑ። ወለሉን በቀጥታ በአፈር ላይ ሊሾ ማድረግም ያው ችግር አለው፤ ሃርድኮሩና አርማታው ይቅደም።

ሊሾው ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ማፍረስ አለብኝ?

በመዶሻ እጀታ እያንኳኩ ባዶው ቦታ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ በጠመኔ ያክብቡት። ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ያልተሰነጠቀና ሲረገጥ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ይተውት። በአንድ ክፍል ውስጥ በብዙ ቦታ ከተገኘ ግን ወለሉ ከአርማታው ጋር አልተያያዘም፤ ሴራሚክ ቢደረብበትም ሴራሚኩ ይሰነጠቃል።

ጥገናው ሲደረግ ባዶው ክፍል በማሽን በቀጥተኛ መስመር ተቆርጦ እስከ አርማታው ይነሳል፣ ጎኖቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ወደ ዜሮ እየቀጠነ የሚያልቅ ጠርዝ ካለ እዚያው ይሰበራል። ሥሩ ታጥቦ ረጥቦ የሲሚንቶ ቅቡ ሳይደርቅ አዲሱ ይሞላል፣ ዙሪያውን ጨምሮ ለአሥር ቀን እርጥብ ጆንያ ይለብሳል። የቀለሙ ልዩነት አይጠፋምና ከመጀመሪያው ቁርጡን ከክፍሉ ግድግዳ ጋር ትይዩ በሆነ አራት ማዕዘን ያድርጉት፤ ያኔ ጥገና ሳይሆን ታስቦ የተሠራ መስመር ይመስላል።